ባነሩና ደብተሩ፦ አንድ ቤተሰብ የ9ኛ ክፍል ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ የመረጠበት ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ሰኔ ሲያልቅ በብሎካችን ደረጃ ላይ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ልጅሽን የት ልታስገቢያት ነው?» መልሱም ከዓመት ዓመት ብዙ አይለወጥም። «እንትን ትምህርት ቤት መቶ በመቶ አሳልፏል አሉ።» ወሬው እዚያው ያበቃል፣ ሰዉ ለምዝገባ ይሮጣል።

እኔ 11 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አሁን ሥራዬ ሌላ ነው። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቶቼ ለመጀመሪያ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲፈልጉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሬያቸው ነበርኩ። አንዴ መረጡ፣ አልሆነም፤ እንደገና መረጡ። በስህተቱ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። እንዲጻፍ ፈቅደዋል። የእነሱንም የትምህርት ቤቶቹንም ስም ትቼዋለሁ።

ቤተሰቡ

እናትየው በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። አባትየው የሊፍትና የጄኔሬተር ጥገና ይሠራል። የእሱ ገቢ አንድ ወር ሞልቶ ሌላ ወር ይጎድላል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሁለቱ ተደምሮ በአማካይ 31 ሺህ ብር ገደማ ወደ ቤት ይገባ ነበር። የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቱ የራሳቸው ነው። ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኪራይ ቢኖርባቸው ኖሮ ከዚህ በታች የማወራው ግማሹ ምርጫ ገና ሳይነሳ ይዘጋ ነበር።

ልጅቷ ያኔ 14 ዓመቷ ነው። ከኬጂ ጀምራ ሰፈር ውስጥ ባለ የግል ትምህርት ቤት ተማረች። የ8ኛ ክፍልን ከተማ አቀፍ ፈተናም በጥሩ ውጤት አለፈች። ትምህርት ቤቱ ግን ከ8ኛ በላይ የለውም። ታናሽ ወንድሟ 4ኛ ክፍል ነበር።

ችግሩ

ችግሩ ትምህርት ቤት ማጣት አልነበረም። በእግርም በታክሲም የሚደረስባቸው ብዙ ነበሩ። የጠፋው የትኛው እንደሚሻል የሚታወቅበት መንገድ ነው።

በእኛ ዘመን 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ልጅ ሲደክም ቢያንስ እዚያ ላይ ይታያል። ያ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። አሁን 9ኛ የገባ ልጅ እስከ 12ኛ ድረስ የሚያገኘው ውጤት ሁሉ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከካርዱ ላይ ማርክ የሚቆጥብበት ብዙ ምክንያት የለውም። ወላጅ 90 ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ክፍያውንም በጊዜው ይከፍላል።

12ኛ ላይ ያለው ነገር ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። ኩረጃን ለማስቀረት ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባበት ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ቁጥሩ እርቃኑን ወጣ። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ጎረቤቶቼ ምርጫ ላይ የተቀመጡት በነዚህ ቁጥሮች ማግስት ነው።

አባትየው ያለው እስካሁን ትዝ ይለኛል። «ከመቶ ሦስት ልጅ ነው የሚያልፈው። የእኔ ልጅ ከሦስቱ አንዷ ካልሆነች ምን ላደርግላት ነው?» እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ትምህርት ቤት አይመርጥም፤ መሸሸጊያ ነው የሚፈልገው።

የሐምሌው ፍለጋ

ሦስት ትምህርት ቤቶች ቀረቡ።

የመጀመሪያው ከሜክሲኮ ወዲያ ያለ ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤት ነው። በሩ ላይ የፎቁን ግማሽ የሚሸፍን ባነር ተሰቅሏል፦ ተፈታኞቹን መቶ በመቶ አሳልፏል ይላል። በወር 6,200 ብር፣ መግቢያ ፈተናም አለው። ሁለተኛው ሰፈር ውስጥ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ወሩ 3,400 ብር ነው፤ ሜዳ የሚባል ነገር የለውም። ሦስተኛው የመንግሥት ነው። ከቤት በእግር 22 ደቂቃ ይወስዳል፣ ክፍያ የለውም። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፍኬትና የ8ኛ ክፍል ውጤት ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

እናትየው ባነር ወዳለው ስትሄድ አንድ ጥያቄ አስያዝኳት። «ዘንድሮ 12ኛ የተፈተኑት ልጆች ስንት ናቸው? እነዚያው ልጆች 9ኛ ሲገቡስ ስንት ነበሩ?» በይ አልኳት። ጠየቀች። የተፈተኑት 43 ናቸው ተባለች። 9ኛ ሲገቡ ሦስት ሴክሽን፣ በየሴክሽኑ 40 ነበሩ። «የቀሩትስ?» ስትል «ያው አንዳንዱ ይዛወራል፣ አንዳንዱ ሰፈር ይቀይራል» አሏት።

ማታ ደረጃው ላይ ቆመን አሰላነው። 120 ገብተው 43 ለፈተና ደረሱ። 77 ልጅ። «77 ቤተሰብ በአራት ዓመት ውስጥ ሰፈር ቀየረ ማለት ነው?» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ባነሩ ከዓይኗ አልጠፋም። በኋላ እንደሰማነው፣ አማካዩ ከ70 በታች የሆነ ልጅ ወላጁ ተጠርቶ «ሌላ ቦታ ቢሞከር ይሻለዋል» ይባላል። እንዲህ እያጣሩ መቶ በመቶ ማሳለፍ የማስተማር ጉብዝና ነው ለማለት ይከብደኛል። በርግጥ እዚያ የተረፉት 43ቱ ጎበዞች ናቸው፤ ይህን አልክድም።

ወደ መንግሥቱ ትምህርት ቤት የሄደችው ብቻዋን ነው። በሩ ላይ አንድ ጠና ያሉ ጥበቃ ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ዳይሬክተሩ ይኖራሉ?»

«እህቴ፣ ለምዝገባ ከሆነ ነሐሴ መጨረሻ ነይ።»

«ለምዝገባ አይደለም፣ ለማየት ነው።»

«ምኑን?»

መልስ አልነበራትም። እኚህ ሰው የጠየቁት ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ነበር። ግን አስገቧት። ዩኒት ሊደሩ፣ ተማሪዎቹን የሚከታተሉት ኃላፊ፣ ቢሮ ውስጥ ስለነበሩ ላይብረሪውን ከፍተው አሳዩዋት። ወንበሩ ብዙ፣ መጽሐፉ ግን ያረጀ ነው። ላብራቶሪው ተቆልፏል። በመስኮት ስታይ ማይክሮስኮፖቹ ከካርቶናቸው አልወጡም።

ደረጃው ላይ የተከፈቱት ደብተሮች

ከሁሉም የጠቀመን ነገር በነጻ የተገኘ ነው። ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር አንድ ልጅ በዚያው የመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛን ጨርሶ ነበር። ደብተሮቹን እንዲያመጣልን ለመንነው። አፈረ፤ ከዚያ እናቱ ስትጮህበት አመጣ። በላስቲክ የተለበዱ ሦስት ደብተሮች።

እናትየው የጻፈውን ለማንበብ ነው የከፈተችው። እኔ ቀኑን አየሁ። ልጅ በየትምህርቱ አናት ላይ ቀን ይጽፋል። ቀኖቹን ተከትሎ መሄድ ነው።

የእንግሊዝኛው ደብተር በሳምንት አራት አምስት ቀን ተጽፎበታል። በየሁለት ገጹ ቀይ እስክሪብቶ አለ። ራይት ብቻ አይደለም፤ አንድ ቦታ መምህሯ የልጁን አንቀጽ ሰርዛ በህዳጉ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋለታለች። የሒሳቡም ደህና ነው፤ የቤት ሥራዎቹ ተሠርተዋል፣ ግማሾቹ ታርመዋል። ኬሚስትሪው ከየካቲት አጋማሽ ተነስቶ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይገባል፤ በመሀሉ ምንም የለም። «ቲቸሩ ለቆ ነበር» አለ ልጁ። «ሌላ እስኪመጣ ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር።»

ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለዚያ ትምህርት ቤት ከዳይሬክተሩ የማይገኝ ነገር አወቅን። ይህን እያወቅን ግን ባነሩን መረጥን።

የመጀመሪያው ውሳኔና የእኔ ስህተት

ልጅቷ የመግቢያ ፈተናውን አለፈች። ከዚያ በኋላ ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም። «አልፋ እንዴት እንተወዋለን?» ተባለ። እንዲህ ነው የሚሆነው፤ መግቢያ ፈተና ሲኖር ወላጅ የመረጠ ይመስለዋል እንጂ የተመረጠው እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀን። መንገዱ። እኔም «በጠዋት ተነስታችሁ ሞክሩትና ሰዓት ያዙ» አልኩ። በሐምሌ አንድ ማክሰኞ እናትና ልጅ 12 ሰዓት ተነሥተው በመገናኛ አድርገው ሄዱ። 55 ደቂቃ። «ይቻላል» አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሰርቪስ የለም፣ ልጁን የሚያደርስ መኪና የለም፣ ግማሹ ሰው ከከተማ ወጥቷል። 11 ዓመት መምህር ሆኜ ይህን አላሰብኩም። የለካነው የአዲስ አበባን ባዶ መንገድ ነው።

ልጅቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከተመዘገበች በኋላ እናቷ «ደስ አለሽ?» አለቻት። «ጓደኞቼ ሁሉ እዚህ ነው የሚገቡት» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከመስከረም እስከ ጥር

ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መጡ።

አንደኛው ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የአባትየው ሥራ ተመታ። የጄኔሬተር መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። ዋጋው ሲንር ደንበኛ ጥገናውን «ቆይ» ማለት ጀመረ። የቤቱ ወጪ በጨመረበት ወር ገቢው ወረደ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ትምህርት ሲጀመር 55 ደቂቃው 1 ሰዓት ከ20 ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት መፍረስ ጀመረ። የኮንትራት ሚኒባሱ ሾፌር በየሳምንቱ አዲስ መዞሪያ ይፈልጋል። 1 ሰዓት ከ40 የፈጀበት ቀን ብዙ ነው። ኮንትራቱ በ3,500 ብር ነበር የተጀመረው። ነዳጅ በዓመቱ መጀመሪያና እንደገና በገና ሰሞን ሲጨምር 4,200 ከዚያም 4,800 ገባ።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። ልጅቷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 ትነሣለች። 11 ሰዓት ከ20 ታች ትወርዳለች። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። የቤት ሥራው እስከ 4 ሰዓት ይወስዳታል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቁልፍ የረሳች መስሎኝ «ምነው?» ስላት «አይ ጋሼ፣ ትንሽ ላርፍ ብዬ ነው» አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ አንድ ፎቅ ቀርቷት ነበር።

በኅዳር ፈተና አማካይዋ 78 ሆነ። 8ኛ ላይ ከ90 ወርዳ አታውቅም። ታኅሣሥ ላይ «ክትትል ያስፈልጋታል» የሚል ደብዳቤ ቤት መጣ። ከ77ቱ አንዷ ልትሆን መንገድ መጀመሯን ያኔ ነው የገባን።

የተሞከረው ሁሉ

መጀመሪያ ባቡር ሞከሩ። ከመገናኛ ሜክሲኮ በቀጥታ ያደርሳል። ባቡሩ ሲመጣ ግን ሞልቶ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ያልፋታል። በአራተኛው ቀን ተዉት።

ቀጥሎ አስጠኚ ቀጠሩ፤ ቅዳሜና እሑድ፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ። አስጠኚው ጎበዝ ነበር። ችግሩ ቅዳሜ እንቅልፏን የምትከፍልበት ብቸኛ ቀን መሆኑ ነው። ለደከመ ልጅ ተጨማሪ ትምህርት መስጠት ምን እንደሚባል አላውቅም። ሁለት ወር ሞክረው አቆሙ።

በሁለተኛው መንፈቅ አክስቷ ጋ ገባች። አክስትየዋ ከትምህርት ቤቱ 15 ደቂቃ ርቀት ላይ ነው የምትኖረው። ይሄኛው በከፊል ሠራ። ልጅቷ ተኛች፣ አማካይዋም 83 ደረሰ። ግን የአክስት ቤት ቢሆንም የሰው ቤት ነው። አክስትየዋ ሁለት ሕፃናት አሏት። ልጅቷ «ቁጭ ብዬ ላጥና?» ከማለት ይልቅ ሕፃን ታቅፋ ታመሻለች። ማንም አላዘዛትም፤ ይሉኝታ ነው። ዓርብ ማታ ቤቷ ስትመጣ ወሬ አጣች። ይህ ለእናቷ ከ78ቱ የባሰ ነበር።

በዚህ መሀል የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ዘንድሮውኑ ይቀበላት እንደሆነ ጠየቁ። «ዓመቱን ትጨርስና መሸኛዋን ይዛችሁ ኑ» ተባሉ። ትክክል ናቸው። በዓመት መሀል ልጅ ማዘዋወር ለመዝገብ ቤቱም ለልጁም ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ

በዚህኛው ዙር እናትየው የኔን ምክር አልጠበቀችም። ፍለጋውን የጀመረችው ግንቦት ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ ነው። ከሥራ ሦስት ግማሽ ቀን አስፈቀደች።

የመጀመሪያው ነገር የሆነው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። የልጇን የራሷን ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ዓመቱን ሙሉ 6,200 ብር የተከፈለበትን ፊዚክስ ከፈተች። የተለጠፈ ሀንድአውት፣ ከሥሩ ከ1 እስከ 40 ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን አንድ አንድ ፊደል። ቢ፣ ዲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ። ቀጣዩም ገጽ እንዲሁ። የተሠራ ስሌት የለም፣ የተሳለ ምስል የለም። ጠራችኝ። ገና 9ኛ ላይ የ12ኛ ክፍል ምርጫ ጥያቄ ነው የሚለማመዱት። ለፈጣን ልጅ ሊሠራ ይችላል። እሷ ግን ለምን ዲ እንደሆነ ስጠይቃት «መልሱ ነው» አለችኝ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያ ትምህርት ቤት መምህር አይጎድልበትም። የኮምፒውተር ክፍሉም ይሠራል፤ የ12ኛ ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠቱ ሲታይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያው ሰፈር ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ላይኖር ይችላል።

ከዚያ ሰፈር ውስጥ ያለውን ባለ ፎቁንና የመንግሥቱን አየች። የሄደችው ዓርብ ከምሳ በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤት ቢላላ የሚላላው በዚያ ሰዓት ነው። የመንግሥቱ ጋ ዘጠኝ ክፍል አልፋ ሁለቱ መምህር አልነበራቸውም፤ ልጆቹ እየተሯሯጡ ነበር። ባለ ፎቁ ጋ ሁሉም ክፍል መምህር ነበረው።

በዚህ ቢያበቃ ባለ ፎቁን በመረጠች። ግን ላገኘቻቸው መምህራን ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ ነበር። «እዚህ ስንት ዓመትዎ ነው?» ባለ ፎቁ ጋ ካነጋገረቻቸው አምስት መምህራን አራቱ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አንዱማ «እስከ ሰኔ ነኝ» ብሎ ነገራት። የመንግሥቱ ጋ 9፣ 12 እና 15 ዓመት የቆዩ አገኘች። የዚያ የእንግሊዝኛ ደብተር ባለቀይ እስክሪብቶ መምህርት 15 ዓመት የቆየችው ናት።

ልጅቷም በዚህ ጊዜ ተጠየቀች። «እማዬ፣ በእግሬ የምሄድበት ይሁን» አለች። አባትየው ሁለት ሳምንት አኮረፈ። ከግል ወደ መንግሥት መመለስ ለእሱ መውረድ ነው፤ ዘመድ ምን ይላል የሚለውም አለ። በመጨረሻ ያሳመነው የእናትየው ስሌት ነው። 6,200 እና 4,800 በወር 11 ሺህ ብር ነው። በወረቀት ጽፋ ከስኳር ዕቃው ሥር አስቀመጠችለት።

የሆነው

ልጅቷ በ2018 10ኛ ክፍልን በመንግሥቱ ትምህርት ቤት ጀመረች። ጠዋት 12 ሰዓት ከ30 ትነሣለች። መሳቅ የጀመረችው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ክፍሏ ውስጥ 56 ተማሪ አለ። መጀመሪያ ከኋላ ተመድባ ሳይሰማት ቆየች፤ እናቷ ዩኒት ሊደሩን አናግራ ወደ መሀል መጣች። ኅዳር ላይ የኬሚስትሪ መምህሩ ለሦስት ሳምንት ጠፋ። ላብራቶሪው አሁንም ቁልፍ ነው። የሴቶች ሽንት ቤት ውኃ የሚኖረው አልፎ አልፎ ነው። ልጅቷ እስከ ምሳ ድረስ ውኃ እንደማትጠጣ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ይህን ማንኛችንም በጉብኝቱ ላይ አላየነውም። ወላጅ ቢሮና ክፍል ያያል፤ ሽንት ቤት የሚያይ የለም።

ከተረፈው 11 ሺህ ብር ላይ ሦስት የሰፈር ሴት ልጆች ተጋርተው በሳምንት ሁለት ቀን ኬሚስትሪ የሚያስጠና ሰው ቀጥረዋል። ማታ ሳይሆን ከትምህርት መልስ፣ ገና ሳይደክማቸው። የቀረውን ብር ኑሮ በላው።

በመጀመሪያው መንፈቅ አማካይዋ 88 ሆነ፣ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። አባትየው ካርዱን ይዞ ወደ እኔ ወረደ። «ልጅቷ ከፍ አለች ወይስ ክፍሉ ዝቅ አለ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ካለፉት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች የ9ኛና የ10ኛ ይዘት ያላቸውን 40 የሒሳብ ጥያቄዎች መረጥኩና ሰዓት ይዤ ፈተንኳት። 23 አመጣች። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ተመሳሳይ ፈተና ሰጥቻት 21 ነበር ያመጣችው። እኩል ነው ማለት ይቻላል። ካርዱ ከ78 ወደ 88 ቢዘልም ዕውቀቱ ያን ያህል አልዘለለም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ዘንድሮ የሳተቻቸውን 17 ጥያቄዎች ይዛ በማግስቱ መጣች። ዓምና ወረቀቱን ቤቴ ረስታው ሄዳ ነበር።

ለሌላ ወላጅ የሚተርፈው

ስለ ማለፊያ በመቶኛ የሚነገራችሁን ሁሉ «ከስንት?» በሉ። የተፈታኙ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ያው ቡድን 9ኛ ሲገባ ስንት እንደነበር ጠይቁ። በመሀል የጠፉት ልጆች የት እንደሄዱ የማይነግራችሁ ትምህርት ቤት ውስጥ የእናንተም ልጅ ልትጠፋ ትችላለች።

ደብተር ለምኑ። የጎበዙን ብቻ ሳይሆን የመካከለኛ ልጅም ይሁን። ቀኖቹን ቁጠሩ፣ እርማቱን እዩ፣ የተሠራ ስሌት መኖሩን እዩ። በሰፈራችሁ ያለ የማንኛውም ትምህርት ቤት ተማሪ ቦርሳ ውስጥ የአንድ ዓመት ሪፖርት አለ። ለእኔ ከዚህ ጉዳይ የወጣው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ደግሞም ባነሩ እንደገና ቢመጣ የሚያስረሳን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

መንገዱን ትምህርት ባለበት ወር፣ ትምህርት በሚገባበት ሰዓት ለኩ። በዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ ከተማው ዘንድሮ የት እንደሚቆፈር አይታወቅም።

መምህራኑ ስንት ዓመት እንደቆዩ ጠይቁ። ይህ መልስ የሚሰጠው በአንድ ቃል ስለሆነ ለመዋሸት አይመችም። ሽንት ቤቱን እዩ፤ በተለይ ሴት ልጅ ካለቻችሁ።

የመንግሥት ይሻላል ብዬ እንዳልደመደምኩ ይታወቅልኝ። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሌላ ልጅ ቢሆን መልሱ ይገለበጣል። ሀገር አቀፉ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ነው፤ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደርሷል። ለአንድ ልጅ ግን በመቶኛ ብዙ አይነግርም።

አሁን ያለበት

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ 6ኛ ነው። 8ኛን የሚፈተነው በ2020 ነው፤ እህቱ 12ኛን በምትፈተንበት በዚያው ዓመት። እናትየው ከወዲሁ ራሷን ትይዛለች።

ባለፈው ሳምንት ከታች ብሎክ አንድ አባት መጣ። ልጁ 8ኛ ናት፤ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት እንዴት ነው ብሎ ነበር የመጣው። እናትየው ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። «ቆይ፣ ደብተሯን ላምጣልህ» ብላ ተነሣች።

ከውስጥ ክፍል ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ የእንግሊዝኛውን ስጪው! የኬሚስትሪውን እንዳታሳዪ!»

እናትየው ሁለቱንም ይዛ መጣች።